ሆደ ባሻዋ

ጠዋት ፈረቃ ሲለወጥ ደም ባንኩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ገቢዋ ተረኛና ወጪው ተረኛ። ሦስተኛው ከመስኮቱ ውጭ የቆመ አባት ነው። ለልጁ ፕሌትሌት፣ ደም የሚያረጋውን የደም ክፍል፣ ሊወስድ መጥቷል። ልጅቷ የካንሰር መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ደሟ መርጋት አቅቶታል፤ ነስሩም አልቆም ብሏል።

ለእሷ የሚስማማው ከረጢት አንድ ብቻ ነበር። ገቢዋ ተረኛ ከረጢቶቹን በክፍል ሙቀት ሲያወዛውዝ በሚያድረው ማወዛወዣ ማሽን ላይ ፈለገችው፤ የለም።

«የት አደረግከው?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነው እትዬ። ማወዛወዣው ቆመብኝ። እንዳይበላሽ ብዬ...»

ቀኑ ገና ሳይጀመር ክንዷ ዝሏል። ከረጢቱን አውጥታ ወደ ብርሃኑ አነሳችና ቀስ ብላ አዘነበለችው። ደህና ቢሆን ኖሮ ውስጡ እንደ ጭስ እየተጥመለመለ ያብለጨልጭ ነበር። ይህኛው ግን ፈዝዟል። ከታች ጥቃቅን ጓል ቋጥሯል።

ያሠለጠኗት አዛውንት «ፕሌትሌት ሆደ ባሻ ናት» ይሉ ነበር። ቀይ ደም ፍሪጅ ይችላል፤ እሷ አትችልም። ሽፋኗ በሁለት ረድፍ የተነጠፈ ስስ ስብ ነው። አንዱን የስብ ዓይነት ወደ ውስጥ ሸሽጋ ትኖራለች። የደም ሥር ሲቆረጥ የሆዷን ወደ ውጭ ትገለብጠዋለች፤ ደም የሚያረጉት ነገሮችም መጥተው እዚያ ላይ ያርፋሉ። ቁስል አጠገብ ከሆነ ነፍስ ያድናል። ማንም ሳይቆስል፣ ብርድ ብቻ ነክቷት የሆዷን ካወጣች ግን መልሶ የሚያስገባላት የለም።

«እንዲሁ ብንልከውስ?» አለ ወጪው ተረኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ላይ፣ ሕሙማን ክፍል ማንም ልብ አይለውም።»

«የልጅቷ ደም ልብ ይለዋል።»

እግሯን እየጎተተች ወደ መስኮቱ ሄደች።

«አባቴ፣ ከረጢቱ ተበላሽቷል።»

«ከምንም አይሻልም?»

«ረግቷል። ለልጅ የሚሰጥ አይደለም።»

«እንግዲያው ከእኔ ውሰዱ!» እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

«ሰሞኑን የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«አስፕሪን። ራሴን ሲፈልጠኝ ነው ያደረው።»

ዓይኗን ጨፈነች። አስፕሪን የፕሌትሌትን መቀስቀሻ ይዘጋል፤ ብትጠራም አትሰማም። ይህንኑ ነገረችው።

«ጉድ እኮ ነው! የእናንተዋ ስለነቃች አትሆንም፣ የእኔዋ ስለተኛች አትሆንም!» ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ማነው ያበላሸው?»

«እኛ ነን» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ወጪው ተረኛ ከኋላዋ።

አባትየው በመስኮቱ አሻግሮ ቆዝሞ አየው።

«ደምህ ምንድን ነው?»

«ኦ ፖዘቲቭ።»

«የልጄም እሱ ነው» አለና መስኮቱን ለቆ አልሄደም።

ሌሊቱን ያልተኛው ወጪ ተረኛ ገቢዋን አያት። እሷም አየችው። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ የእሷም ከእሱ አይሻልም።

«ከእሱ ተወስዶ፣ ተመርምሮ እስኪወጣ ከሰዓት በኋላ ይሆናል» አለች ለአባትየው።

«እስከዚያ ትቆይልኛለች?»

ወጪው ተረኛ ጋዋኑን አውልቆ የደም መስጫው ወንበር ላይ ጋደም አለ። መርፌውን አስገባች። ፕሌትሌቱን ከደሙ የሚለየው ማሽን መሽከርከር ጀመረ፤ አባትየውም ባዶ እጁን ወደ ልጁ ተመለሰ።