ተተኩሶ የቀረበው ፀጉር

ነርሷ ጥቅልል ፀጉሯን በሌየር ልትቆረጥ ቀጠሮ መያዟን ስትሰማ ታላቅ እህቷ ክው አለች። «ይሄን ጫካ ተሸክመሽ ነው ሰው ፊት የምትቀርቢው?» ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና፣ አንዲት ዘለላ እንኳ ሳትምር፣ ጆሮዋን ሁለቴ እየለበለበች ተኮሰችላት። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤት እንደሚጠረገው መሆኑ ነው።

ፀጉር ሠሪዋም የቀረበላትን ዞማ ከላይ አጠር፣ ከታች ረዘም አድርጋ ደረጃ በደረጃ ቆረጠችው። ነርሷ መስታወት ባየች ቁጥር አንገቷን ስትሰብቅ ሁለት ቀን አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ታጠበችው። ውሃ ሲነካው የድሮ አመሉ አገረሸበት፤ እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ እየተጠቀለለ ሽቅብ ሸሸ። የላይኛው ከጆሮዋ በላይ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ፣ የታችኛው ትከሻዋ ላይ ብቻውን ቀረ። ይህን ሁሉ ያመጣችው እህቷ ሳቋን በትራስ አፈነች።

ነርሷ ፎጣውን አንገቷ ላይ እንደጣለች ፀጉር ቤቱ ድረስ ሄዳ «ምን አድርገሽኝ ነው?» አለች።

ፀጉር ሠሪዋ ዙሪያዋን ዞራ አየቻት።

«እኔ የቆረጥኩት ያመጣሽልኝን ፀጉር ነው» አለች ረጋ ብላ። «ከዚህኛው ጋር መቼ አስተዋወቅሽኝ?»