ኪኒኑን ያስጣለው ሻይ

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው፤ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም እሱ ያላትን ሁሉ አሜን ብላ ትቀበላለች። ስለዚህ ሐኪሙ «የልብዎ ደም ስር ጠቧል» ብሎ ኪኒን ባዘዘላት ማግስት፣ ወንድሟ የአረንጓዴ ሻይ ቆርቆሮ ታቅፎ ሱቋ ከተፍ ሲል፣ ፈውሷ በእግሩ የመጣ መሰላት።

«እትዬ፣ እኔንስ ልብህን ነው ብለውኝ አልነበር? ኪኒኑን ወዲያ ጣልኩት፤ ይሄን ብቻ ነው የምጠጣው። እስኪ እዪኝ፣ የታመመ ሰው እመስላለሁ?»

አይመስልም ነበር። ጉንጩ ሞልቷል፣ ደረጃ የሚወጣው እየዘለለ ነው። እሷም ኪኒኗን ከተሰበሩ መርፌዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ወርውራ፣ ያንን መራራ ውሃ ፊቷን እያጨማደደች ጠዋት ማታ መጋት ያዘች።

ሻዩን የሚሸጠው እሱ ራሱ ነው፤ አፈ ቅቤ ነጋዴ። ደንበኞቹን እየነዳ ያመጣና ስፌት መኪናዋ አጠገብ አቁሞ፣ «እህቴን እዩዋት! መድኃኒት እርግፍ አድርጋ ትታ እንዴት እንደምትሠራ!» ይላል። እሷ ደግሞ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ ፈገግ ትልለታለች። ትኮራበት ነበር፣ የዋህ!

አንድ ረፋድ ላይ የካፖርት ገበር እየሰፋች ሳለ ደረቷን ጨምድዶ ያዛትና መኪናው ላይ ድፍት አለች። ጎረቤቶቿ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት።

ዓይኗን ስትገልጥ ወንድሟ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሐኪሙ ገብቶ ሲጠይቃት ኪኒኑን መተዋን ሳትደብቅ ነገረችው።

«ሻዩን ማን ከለከለዎት?» አላት። «ለደም ስር ሳይጠቅም አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ደስ ካለዎት ይጠጡ። የኪኒኑን ሥራ ግን አይሠራልዎትም።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረ፤ ወንድሟንም የሚያክመው ይኸው ሐኪም ነው። «እርስዎስ? እንደ እህትዎ አቋርጠው እንዳይሆን!»

«ኧረ ዶክተር! እኔማ አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»

እህቱ መኖሯ ትዝ ያለው ካመለጠው በኋላ ነው።

ከደረቷ ሕመም ይልቅ ይሄ ቃል ባሰባት። አዝላ ያሳደገችው ልጅ፣ ለራሱ ኪኒን፣ ለእሷ ሻይ!

ሐኪሙ ሲወጣ ወንድሟ እጁን ወደ እጇ ሰደደ። «እትዬ፣ ሙች፣ እኔ እኮ ይጠቅማታል ብዬ አምኜ...»

እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተች።

«አምነህበት ቢሆንማ፣» አለችው ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «ዛሬ ከጎኔ አልጋ ይዘህ ትተኛ ነበር።»