ያልጮኸው ሣጥን

ነፃ ነገር ያስፈራኛል። ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ስንመጣም መኪናው ነፃ ነበር።

የልጅ ልጄ ነዕማ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት። የጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣ ሲሞቅ የሚጮኽ ሣጥን እየሠራች ነበር። እሷ ትጽፋለች፤ ሣጥኑ ግን የሷን ጽሑፍ አያውቅም፤ ኮምፓይለር የሚሉት ነገር ወደ ሣጥኑ ቋንቋ ይመልስላታል። እሱም በነፃ የተገኘ ነው። እንቅልፌ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ሥራውን የሰጣት አቶ ኪዳኔም ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «የሕፃናት ነፍስ የሚጠብቅ ሥራ በነፃ ዕቃ?» አላት። ስልኳ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ሰማሁት።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ የሚከፈልበቱ በየጊዜው በኔትወርክ ፈቃድ ይጠይቃል። እኛ ጋ ደግሞ ደመና ሲያይ ኔትወርኩ ይደበቃል። ይኼኛው እዚሁ ኮምፒዩተሬ ላይ ነው፤ ትልልቁም ድርጅት ይሠራበታል።»

«እሺ። ሣጥኑ ዝም ካለ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

ይኼ ቃል ሆዴ ገብቶ ተቀመጠ። እናቷን ቀብሬ ያሳደግኋት ልጅ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነዕማ የሣጥኑን ሽቦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ጮኸ፤ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር አላዘነ።

«ይኸው እማማ፣ በቃሽ?»

«አንድ ቱርጁማን ብቻ ነው ያለሽ?»

በመንደራችን እኛ ሰፋሪዎችና የአገሬው በርታዎች በመሬት ስንጣላ፣ እርቅ ላይ ቱርጁማን፣ ማለትም አስተርጓሚ፣ ብቻውን ተቀምጦ አያውቅም። አንድ ከነሱ፣ አንድ ከኛ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ካሉ ሽማግሌዎቹ ነገሩን አቁመው ተናጋሪውን «እስቲ እንደገና በል» ይሉታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተናጋሪው ነው፤ ቃሉን ግማሹን ውጦት ይገኛል።

ነዕማ ሳቀች። «ሽማግሌ ልታስቀምጪብኝ ነው? እሺ፣ ሌላም ነፃ ኮምፓይለር አለኝ፤ ደስ ይበልሽ።»

ያንኑ ጽሑፍ በሁለተኛው አስተርጉማ ሣጥኑ ላይ ጫነችው። ሽቦውን ነከረችው። ዝም። ጣቴን ብሰድ ውሃው ለበለበኝ፤ ሣጥኑ ግን አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቁጭ ብሏል።

«ዋሸ አይደል? ነፃ ነገር!»

ነዕማ ጽሑፏን ወደ ላይ ወደ ታች ስታየው ቆየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«እሱ አይደለም እማማ። እኔ ነኝ። አንዷን ቁጥር ከስንት እንደምትነሣ ሳልነግረው ትቻታለሁ። የመጀመሪያው በአጋጣሚ ከዜሮ አስነሣት፤ ይኼኛው ያገኘውን ወሰደ። የመጀመሪያውም ቢሆን አንድ ቀን ይጮኻል፣ አንድ ቀን ዝም ይላል።»

«እንግዲያው አስተካክይዋ፤ ገና እጅሽ ላይ ነው።»

«አንዱ እጄ ላይ አይደለም።»

ለሙከራ ብላ በኩርሙክ መንገድ ላለ ጤና ኬላ አንድ ሰጥታ ነበር። ደወለች፤ አልገባም። ደግማ ደወለች። በስንት መከራ የኬላው ጤና ሠራተኛ ኻሚስ፣ የበርታ ልጅ፣ አነሣው።

«ነዕማ እህቴ! ሣጥን ጥሩ ነው ወላሂ። አንድም ቀን አልጮኸችም። እኛ ሰነፍ ሆነናል፣ ማቀዝቀዣ ማየት ትተናል፤ እሱ ያያል።»

«ኻሚስ፣ ማቀዝቀዣውን ክፈተው።»

የበሩ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ትንፋሹ።

«በረዶ የለም። ውሃ ሆናለች።»

«ክትባት ሰጥታችኋል?»

«ዛሬ የክትባት ቀን ነው። ጠዋት ብዙ ሕፃን ተወጋ...» መስመሩ ተቋረጠ።

ነዕማ የአቶ ኪዳኔን ቁጥር አወጣች። እጇን ያዝኩት።

«ተይ ልጄ። ማን ያውቃል? ልጆቹ አልታመሙ። መብራት ጠፍቶ ነው ይባላል። ያስሩሻል።»

«አዎ፣ አልታመሙም እማማ። እናቶቻቸው ተከተቡልን ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። የሞቀ ክትባት ግን አያድንም፤ የሚታመሙት ኩፍኝ ሲመጣ ነው።»

እጇን ከእጄ አወጣች። ስልኩ ሲጠራ ሣጥኑን አየሁት። ሽቦው አሁንም ሙቁ ውሃ ውስጥ ነው፤ መብራቱ አረንጓዴ።