እንዳይለምድበት

…እንዳይለምድበት ነው፣ አላት እኮ፣ ጠዋት የወንድሟን በር በካቻቪቴ ከማጠፊያው እየነቀለ፣ የገዛ አባቷ፣ ዘግቶ መተኛት እንዳይለምድበት፣ እስከ ከሰዓት ካልተነሳ አልጋውም ይወጣል፣ ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነው፣ በሩ ሲነቀል እንኳ ዘወር አላለም፣ እሷ አሁን እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ጆግ ይዛ በየአይጦቹ ሳጥን ውሃ ታፈሳለች፣ የዛሬው ወረቀት ሰጋቱራውን አርጥቢ ይላል፣ ትናንት ሳጥን ማዘንበል፣ ከትናንት በስቲያ ሌሊቱን ሙሉ መብራት፣ ለምን በየቀኑ ይቀያየራል ብላ ጠይቃ ነበር።

እንዳይለምዱት ነው፣ አላት ጥናቱን የሚመራው ዶክተር።

ያው ቃል። እዚያ ካቻቪቴ ይዞ፣ እዚህ ነጭ ጋወን ለብሶ።

መምታት የለም፣ ማስራብ የለም፣ ትናንሽ ነገር ብቻ፣ ሳይታሰብ፣ በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ጡጦ ይቀርብላቸዋል፣ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ስኳር ያለበት፣ ጤነኛው አይጥ ስኳሩ ላይ ተጣብቆ ይውላል፣ የተጎዳው የትኛውም አይገደው፣ ከድባቴ ምልክቶች አንዱ ይሄ ነው፣ ይላል ዶክተሩ፣ መንስኤው አንድ አይደለም፣ ዘርም አለበት፣ ኑሮም አለበት፣ ደግሞ አይጥ ሰው አይደለም፣ አዘነ ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ስኳሩን አልመረጠም በይ።

ስኳር። እናቷ ባለፈው ሳምንት፣ እየሳቀች፣ ወንድምሽ ሻይ ላይ ስኳር ረስቼ ጭልጥ አርጎ ጠጣው እኮ፣ ያ በአራት ማንኪያ የሚጨቃጨቀው ልጅ፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ ቀኑን ሙሉ የስኳር ውሃ በሚሊሊትር ስትለካ የምትውለው ባለሙያ፣ ቁጭ ብላ ሳቀች።

እህትህም በዚሁ ቤት ነው ያደገችው፣ ምን ሆነች፣ ይለዋል አባቷ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ፣ ምንም አልሆነችም፣ ከአስራ ሁለቱ አይጦችም አራቱ ምንም አልሆኑም፣ ሰጋቱራው አንድ፣ መብራቱ አንድ፣ አራቱ ዛሬም ስኳሩን ይመጠምጣሉ፣ ታዲያ ስምንቱ ሰነፎች ናቸው? ሰነፍ የሚል ዓምድ የትኛው መዝገብ ላይ ነው ያለው? ወንድሟ ከስራ ከተቀነሰ ወዲህ በየቀኑ አንድ ነገር፣ ጎታታ፣ የሰው ልጅ የት ደረሰ፣ ራዲዮ ጆሮው ስር፣ ብርድ ልብስ መግፈፍ፣ ብርድ ልብሱን የገፈፈው አባቷ ነው። አይደለም። እሷ ነች። እሁድ ጠዋት፣ ተነስ አንተ ሬሳ ብላ።

አንተ ሬሳ።

ስልኳን ታወጣለች፣ ዛሬስ ትነግረዋለች፣ አባዬ ብላ አትጀምርም፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ስማኝ አንዴ፣ ትላለች።

እኔ ነኝ፣ ይላል ወንድሟ፣ አባዬ አልጋውን የሚያወጡ ሰዎች ሊጠራ ሄዷል፣ ስልኩን ረስቶት ነው።

ንዴቷ መግቢያ ያጣል። ሻይ ጠጣህ? ጠጣሁ። ስኳር ነበረው?

እያሰበ ነው፣ የምሩን ሊያስታውስ እየሞከረ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማታል።

አላውቅም።

ልብስህን ልበስ፣ መጣሁ፣ ሐኪም ጋ አብረን ነው የምንሄደው፣ ትላለች፣ ጆጉን ታስቀምጣለች፣ የመጨረሻው ሳጥን ገና ደረቅ ነው፣ ደረቅ ይደር።