ሰላምታ ያልቀደመው እርማት

ልበ ብሩህና አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ኃላፊ ዓለም የሰው ልጅ ከሠራቸው ቤቶች ሁሉ ለመግባት እጅግ የሚያስቸግረው የትኛው እንደ ሆነ ብትጠየቅ፣ ምናልባት ግንቡ የረዘመውን፣ ዘበኛው የበዛውን፣ መዝጊያው በብረት የተቈለፈውን ትጠቅስ ይሆናል፤ ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አጥርም በርም የሌለው፣ «ማንም ይግባ» ተብሎ በአዋጅ የተከፈተው ቤት ነው። በር ያለው ቤት ቢያንስ የሚያንኳኩት እንጨት አለው፤ ቢዘጋብህም የከለከለህ መዝጊያው መሆኑን ታውቃለህ። በር የሌለው ቤት ግን እንግዳውን ከውጭ ያቆመዋል፤ እንግዳውም የቆመበትን ምክንያት ከራሱ ድካምና ከራሱ አለማወቅ በቀር ሌላ ሊያገኝለት አይችልም። በዘመናችን የኮምፒዩተር ጠበብት እንዲህ ያለ ቤት ሠርተዋል። የፕሮግራማቸውን ኮድ፣ ማለት ማሽኑ የሚታዘዝበትን ጽሑፍ፣ በምሥጢር ሳይሸሽጉ፣ ማንም እንዲያነበው፣ ማንም እንዲያርመው፣ ማንም የራሱን እንዲጨምርበት በአደባባይ አኑረውታል፤ ሐሳቡም ክቡርና ንጹሕ ነው። ይህ ታሪክ የሚነገረው ያን ሐሳብ ለማቃለል ሳይሆን፣ በዚያ ክፍት ደጃፍ ላይ ቆማ ስለ ነበረች ስለ አንዲት ልጅ ነው።

በደብረ ታቦር ከተማ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን የሚባሉ፣ አንደበታቸው እንደ ስማቸው የጣፈጠ፣ በቅኔ ምሥጢር የበሰሉና በመጻሕፍት ትርጓሜ የጠለቁ መምህር ነበሩ። ሕመምና ዕድሜ ተባብረው የዐይናቸውን ብርሃን ከወሰዱባቸው ወዲህ እንኳ ጉባኤያቸውን አልፈቱም፤ ደቀ መዛሙርቱ ከየአገሩ እየመጡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ዛፍ ሥር ይከቧቸው፣ ቃላቸውንም ይቀበሉ ነበር። ሐመልማል የምትባለው ልጃቸው፣ በከተማው ባለ አንድ ኮሌጅ ኮምፒዩተር የምትጠግን፣ ዝምታ የምታበዛና ነገር የማትረሳ ወጣት፣ አባቷ ከመጻሕፍት እንዳይለዩ ብላ «ነጋሪ» የሚባለውን ፕሮግራም በስልካቸው ላይ ጫነችላቸው። ነጋሪ በጎ ፈቃደኞች በነፃ የሠሩት፣ ኮዱም ለሁሉ የተገለጠ፣ የአማርኛና የግእዝ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። መሪጌታም ማዳመጫውን በጆሯቸው ሰክተው ሲውሉ፣ ጠፍቶ የኖረ ወዳጃቸውን ያገኙ ያህል ፊታቸው ይፈካ ነበር። ነገር ግን ነጋሪ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ፊደሉን አሳምሮ እያነበበ ሄዶ የግእዝ ቁጥር ሲያጋጥመው፣ እንዳላየ ሆኖ በዝምታ ያልፈዋል። የቅዱሳት መጻሕፍቱ ምዕራፍ ሁሉ ደግሞ በዚሁ አኃዝ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ መሪጌታ የሚሰሙት ቃሉን እንጂ የቃሉን ስፍራ አልነበረም።

ቀድሞ ቢሆን ይህ ጉድለት ባላስጨነቃቸው ነበር፤ ምዕራፉ ሁሉ በልባቸው ጽላት ተጽፎ ነበርና። በዚያ ዓመት ግን፣ ለማንም ባይነግሩትም፣ ልባቸው የያዘውን አልፎ አልፎ መልቀቅ ጀመረ። ከትንሣኤ በኋላ በአንዱ ቀን አንድ ደቀ መዝሙር የአንድን ቃል መገኛ ቢጠይቃቸው፣ በስልኩ የሰሙትን በሐሳባቸው ቈጥረው ምዕራፉን ነገሩት፤ ተማሪውም መጽሐፉን ገለጠ፣ ፈለገ፣ አጣ፤ ከመምህሩ ላይ እንከን ከማውጣትም ዝም ማለትን መረጠ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጕረመረመም፤ ነገር ግን ዐይነ ሥውር ሰው ዝምታን ከዐይናማ ይልቅ አጥርቶ ይሰማልና፣ መሪጌታ የሆነውን ሁሉ ዐወቁት። «አንብብልኝ» ብሎ ደቀ መዝሙርን መለመን ደግሞ የልቡናቸውን መድከም በጉባኤ ማወጅ ሆነባቸው። በዚያው ሰሞን ልጃቸውን ጠርተው፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ጉባኤውን እንደሚያሰናብቱ፣ ተማሪዎቹም ሌላ መምህር ፈልገው እንዲሄዱ እንደሚነግሯቸው በረጋ ቃል አስታወቋት። ሐመልማል ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

እንባዋን ከጠረገች በኋላ የመጣላት ሐሳብ ግን ቀላልና ቅን ነበር፤ ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ ከሆነ፣ ጉድለቱን ገብታ የማትሞላው ለምንድን ነው? ወደ ነጋሪ ድረ ገጽ ብትሄድ፣ ማንኛውም ሰው ሊሳተፍ እንደሚችልና እንኳን ደኅና መጣ እንደሚባል በእንግሊዝኛ ተጽፎ አገኘች፤ ደስም አላት። ከዚያ በታች የሰፈረው መመሪያ ግን የውስጥ ሰዎች ለውስጥ ሰዎች የጻፉት ነበር፤ የሚያውቀውን የሚያስታውስ እንጂ የማያውቀውን የሚያስተምር አልነበረም፤ አንዳንዱም ካረጀ ቈይቶ ወደ ጠፉ ገጾች ይመራ ነበር። የሚያስፈልገውን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሯ ማውረድ ስትጀምር መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ሁለቱ በስንት ምልጃ ሲገናኙ ደግሞ ማውረዱ ካቋረጠበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ይነሣል። እርሷ ግን የመሪጌታ ልጅ ናትና፣ አንድ ቃል እስኪገባ ድረስ ሲመላለሱበት መዋልን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታይ አድጋለች። ግንቦት ሳይወጣ ነጋሪን በገዛ ኮምፒዩተሯ ላይ አስነሥታ፣ አኃዙን የሚውጥበትን ስፍራ አገኘችው።

እዚህ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ የአገራችን ጨዋ ልጅ ብቻ የምትሳሳተውን ስሕተት ተሳሳተች። በሰው ቤት «ግቢ» ሳይሏት የማትገባ፣ በሰው ገበታ «ብዪ» ሳይሏት የማትቈርስ ሆና አድጋለችና፣ ሥራዋን ከማቅረቧ በፊት ለቤቱ ባለቤቶች መልእክት ጻፈች፤ የሁሉንም ጤንነት ጠየቀች፣ ድካማቸውን አመሰገነች፣ የአባቷን ነገር አነሣች፣ በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ነገር መነካካቷ ድፍረት እንዳይሆንባት ፈቃዳቸውን ለመነች። ፈቃዱን ስትጠብቅ ሰኔ አለቀ። በዚያ ቤት ልማድ ግን ፈቃድ የሚሰጥም የሚለምንም የለም፤ ሠርቶ ያመጣ ሥራው ይታይለታል፣ ሳይሠራ የተናገረ ይታለፋል። ይህን ልማድ የትም አልጻፉትም፤ ሁሉ የሚያውቀው መስሏቸው ነበርና። ሐመልማል ዝምታውን እንቢታ ነው ብላ ተረጐመችው፤ በቤትም አባቷ ለደቀ መዛሙርቱ የሚሆን ሌላ መምህር ማፈላለግ ጀምረው ነበር።

ሐምሌ ሲገባ፣ ሌሎች የሠሩትን እያገላበጠች ስትመረምር፣ ማንም ማንንም አስፈቅዶ እንደማያውቅ ተረዳች፤ ተናደደች፣ በራሷም ሳቀች፤ ወዲያውም ሥራዋን ሰደደች። ገና ሰው ሳያየው፣ የመጣውን ሁሉ በራሱ የሚፈትሽ ሌላ ፕሮግራም፣ የዚያ ቤት ምሕረት የማያውቅ ዘበኛ፣ የመስመሮቿ አሰላለፍ ደንብ አልጠበቀም ብሎ በቀይ ምልክት መለሰባት፤ አስተካክላ ብትሰድ በሌላ ምክንያት መለሰባት፤ በስንት ውጣ ውረድ አሳለፈላት። ከዚያ የሰው መልስ መጣ። የጻፈው ምሥጋናው የሚባል፣ በአዳማ ተቀምጦ ቀን ቀን ለእንጀራው የሚሠራ፣ ከሥራ ሲመለስ ነጋሪን ብቻውን የሚጠብቅ ጎልማሳ ነበር። መልሱ ሰላምታ አልነበረውም። ስሟን አልጠራም፣ «እንደምን አለሽ» አላለም፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ ይህ ይለወጥ፣ ይህ ተደግሟልና ይውጣ፣ ይህ ለምን ሆነ፣ ይህስ መሥራቱ በምን ተፈተነ እያለ ሥራዋን ሁሉ ትችት አልብሶ መለሰው። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ የጠብ ደብዳቤ በሚሆንበት አገር ያደገች ልጅ ይህን አንብባ ምን ትበል? ኮምፒዩተሯን ዘጋች፤ ዳግመኛም ወደዚያ ቤት ላትመለስ ወሰነች።

መሪጌታ የልጃቸውን ኀዘን ከድምጿ ዐወቁት። ምን እንደ ነካት ቢጠይቋት ሸሸገች፤ ቢደግሙባት፣ ለእርሳቸው ብላ የጀመረችውን፣ ተዋርዳም የተመለሰችበትን ነገር ሁሉ ተናገረች። እርሳቸውም ያ ሰው የጻፈውን አንድ ሳታስቀር በአማርኛ እንድትነግራቸው አዘዙ። እርሷ እያፈረች ስታነብ እርሳቸው እንደ ጉባኤ ጊዜ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ፤ የትችቱ እኩሌታ እንኳ ምን ማለት እንደ ሆነ አልገባቸውም፤ መካከሉ ላይ ስትደርስ ግን ፈገግ አሉ።

«ሰላምታ አለማስቀደሙስ ነውር ነው፤ ባለጌ በዪው፣ አልከለክልሽም» አሏት። «ግን ልጄ፣ እኔ ጉባኤ ላይ ስቀመጥ የማደርገውን ስታዪ ኖረሻል። የማይረባ ቅኔ የመጣብኝ እንደ ሆነ፣ ደኅና ነው ብዬ አልፈዋለሁ፤ ተማሪውም ደስ ብሎት ይቀመጣል። ቤት በቤት እየተከተልሁ የማርመው ግን፣ ይህስ ነገ መምህር ይወጣዋል ያልሁትን ነው። ያ ሰው የደከመ ይመስለኛል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ሊጥለው ያሰበውን ነገር መስመር በመስመር አይለቅምም። ጠርቶሻል እኮ፤ አጠራሩን አላወቀበትም እንጂ።»

«አባባ፣ መጥራቱ ከሆነ ስሜን ለምን አልጠራም?»

«እሱን አንቺው ጠይቂው» አሉ መሪጌታ።

ጠየቀችውም። እርማቱን አንድ በአንድ ፈጸመች፤ አንዱን ብቻ አልቀበልም አለች። ምሥጋናው አኃዙ ሁሉ በአማርኛ ይነበብ ብሎ ነበር፤ እርሷ ግን በግእዝ ንባብ መካከል የመጣ አኃዝ በግእዝ መነበብ እንደሚገባው፣ ንባቡን ከአባቷ ቃል እየተቀበለች ጽፋ አስረዳችው። በመጨረሻም የሰኔውን መልእክቷን አስታውሳ፣ ሰላምታ ያልቀደመው እርማቱም ከዚያ ቤት ሊያስወጣት ጥቂት እንደ ቀረው ሳትሸሽግ ነገረችው። መልሱ ዘገየ። ጾመ ፍልሰታ ገባ፤ የመሰናበቱን ወሬ የሰሙት ደቀ መዛሙርት ጓዛቸውን መሸከፍ ጀመሩ፤ መሪጌታም ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው አኖሩት። ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ግን የምሥጋናው መልእክት ደረሰ።

«እኅቴ ሐመልማል፣ እንደምን ሰነበትሽ፤ አባትሽስ እንዴት ናቸው?» ይላል። «የሰኔውን መልእክትሽን ያን ጊዜውኑ አንብቤዋለሁ። በሩ ክፍት ነው ብዬ የማምን ሰው ስለ ነበርኩ፣ ክፍት በር ላይ ቆሞ ፈቃድ ለሚጠይቅ ምን እንደሚመለስ ጠፋኝና አሳደርኩት፤ እኔ ዘንድ ያደረ ነገር ደግሞ እዚያው ይቀራል። ሁልጊዜ "ይሄ ተበላሸ" የሚለኝ እንጂ "እኔ ልሥራው" የሚለኝ ስለሌለ፣ ሰው ይመጣል ብሎ መጠበቁን ትቼው ነበር። የግእዙን ንባብ እኔ አላውቀውም፤ አንቺ እንዳልሽው ይሁን። ሥራሽን አስገብቼዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አትቸኵል፤ ብዙዎች የሚወስዱበትን ጥቂቶችም የሚያመጡበትን ማዕድ ብቻውን ሲዘረጋና ሲያነሣ የኖረ ሰው፣ ሰላምታው ቢያልቅበት አይገርምም። ሐመልማልም ሥራዋ መግባቱን ከሚነግረው ቃል ይልቅ ስሟ የተጠራበትን የፊተኛውን መስመር ደጋግማ አነበበችው።

ለስንብት በተቀጠረው ቀን ደቀ መዛሙርቱ ከዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ሐመልማል የታደሰውን ነጋሪ በአባቷ ስልክ ላይ ጭና፣ በመካከላቸው አልፋ መጥታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። ነጋሪም የመጽሐፉን ስም ጠራ፤ ቀድሞ ከሚውጥበት ስፍራ ሲደርስም አልዋጠም፤ «ምዕራፍ ዐሠርቱ ወክልኤቱ» ብሎ አሥራ ሁለተኛውን ምዕራፍ በግእዝ አነበበ። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ቀና አሉ። እንደገና አስነበቡት፤ ሦስተኛ አስነበቡት፤ ከንፈራቸው ከድምፁ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ልጃቸው ምስጋና ስትጠብቅ፣ ጉባኤውም የስንብቱን ቃል ሲጠብቅ፣ መሪጌታ ቅኔ ሲያርሙ እንደሚያደርጉት እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ድምፁን ያለ ቦታው ጣለው፤ ማንሣት ነበረበት» አሉ። «ለዚያ ለአዳማው ልጅ ጻፊለት። ሰላምታዬን አስቀድሚ።»

ሐመልማል እንደ ታረመች ሲገባት እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። መሪጌታ ግን ፊታቸውን ወደ ደቀ መዛሙርቱ መልሰው፣ ስለ ስንብቱ አንዲት ቃል ሳያነሡ፣ ቅኔ የመቀኘቱ ተራ የማን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ጓዙን ጠቅልሎ የመጣው አንዱ ተማሪም ጠቅልሎ ያመጣውን ከአጠገቡ አኑሮ ተነሣ። ደጃፍን ክፍት ማድረግ የእጅ ሥራ ነው፤ የመጣውን እንግዳ በስሙ ጠርቶ ማስገባት ግን የልብ ሥራ ነውና፣ ይህ ሁለተኛው የጐደለው ቤት ሁሉ፣ በሩ ባይኖረውም እንኳ፣ ገና አልተከፈተም።