የገረጣው ጣውላ

በመምህርቷ ቤት ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ክዳን የሌለው የልብስ ሳጥን ሁለት ዓመት ተቀምጧል። አራቱ ጎኖቹ ጥርስ ለጥርስ ተናክሰው ተጋጥመዋል፤ ወለሉም ተመትቷል። የቀረው ክዳኑ ብቻ ነው። ባለቤቷ በሥራ ቀን የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አናጢ ነበር። ሳጥኑን ለልጃቸው ጀምሮላት ሳይጨርሰው ሞት ወሰደው።

አሁን ልጅቷ ሕፃኗን ይዛ ልትመጣ ሦስት ሳምንት ቀራት። መምህርቷም "እስክትመጣ ሳጥኑን እኔው እከድነዋለሁ" ብላ ቆረጠች።

"አንቺ? ሚስማር ስትመቺ ጣትሽን አይደል የምትመቺው!" አሉ የባሏ ታላቅ እህት። ዘመድ ሁሉ እታለም ይላቸዋል፤ ምላሳቸው ምላጭ፣ ልባቸው ቅቤ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ባሏ እንጨት ሲልግ፣ መምህርቷ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ፈተና ስታርም ኖራለች። መላጊያው ከእንጨቱ ጋር ሲስማማና ሲጣላ ከድምፁ ትለያለች። እጇ ባይሆን ጆሮዋ አናጢ ነው።

ሳጥኑ የተሠራው ከስፔን ዝግባ ነው፤ ክብደቱ ቀላል፣ ለመሣሪያ ገር፣ ሽታው ብል የሚያባርር እንጨት። ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የዚያው እንጨት ቁራጭ አገኘች። ፊቱ ላይ በእርሳስ፣ በባሏ ዘንበል ያለ ጽሕፈት፣ "ለክዳን ያጥራል" የሚል አለበት። መልኩን ለማመሳከር በጋዜጣ ጠቅልላ ከእታለም ጋር ወደ ጣውላ መሸጫው ሄደች።

ሻጩን ሰው ሁሉ ጋሽ አሽትቴ ይላቸዋል፤ ጣውላ አፍንጫቸው ጋ ሳያደርሱ አይሸጡም።

"የስፔን ዝግባ?" አሉ ጋሽ አሽትቴ። "ስሙ ነው እንጂ ስፔንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ዝግባም አይደለም። እንደ አንዳንዱ ሰው፣ ማዕረጉ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም!"

ሦስት ጣውላ አወጡ። አንደኛውን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ተጣበቀባቸው። "ይህን ተዉት። ሙጫው ገና አልወጣለትም፤ ልብስ ያበላሻል።" ሁለት ቀሩ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ የገረጣ።

እታለም ቁራጩን ከቀዩ ጎን አስጠጉት። "ይኸው፣ መንታ! ከዚህ ወዲያ ምን ታገላብጫለሽ?"

በእርግጥም ቁርጥ አንድ ነበሩ። መምህርቷ "ቀዩን" ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ያኔ ሳጥኑ ሲሠራ፣ ማታ ማታ ከባሏ ጸጉር ላይ የምታራግፈው የእንጨት ፍቅፋቂ እንዲህ ቀይ ነበር እንዴ? አልነበረም። ወተት የበዛበት ሻይ ነበር የሚመስለው።

"ጋሼ፣ መላጊያ ያውሱኝ" አለች።

"እኔ ልላግልዎ እንጂ፣ እትዬ።"

"አይ፣ እኔው።"

"እንግዲያው በዚህ በሰፊው በኩል ይቀልዎታል" አሉ ጽሑፉ ወዳለበት ገጽ እየጠቆሙ። እሷ ግን ቁራጩን አዙራ፣ ጠባቡን ጠርዝ ወደ ላይ አድርጋ በሞርሳው መንጋጋ አጥብቃ አሰረችው። ጋሽ አሽትቴ ጎንበስ ብለው ጽሑፉን አነበቡና መላጊያውን አቀበሏት።

መላጊያው መጀመሪያ ጮኸ። "ተጣላ" አለችና ቁራጩን ፈታ ፊትና ኋላውን ገልብጣ አሰረችው። በሁለተኛው ያለ ኮሽታ ሄደ። ስስ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ሁለት ዓመት ታፍኖ የኖረው ሽታም አብሮት ወጣ። እታለም ወንድማቸው ትዝ አላቸው መሰል፣ ድንገት መንገዱ ላይ የሚያዩት ነገር አገኙ። መምህርቷ ዓይኗን ከጠርዙ አልነቀለችም። ከሥር የተገለጠው እንጨት ልክ እንደ ገረጣው ጣውላ ነበር።

"ያቀላው ብርሃን ነው" አሉ ጋሽ አሽትቴ። "ቀዩን ቢወስዱ ዛሬ ይመሳሰላል፣ ለከርሞ ጠቁሮ ሳጥኑን ጥሎት ይሄዳል። የገረጣው ግን ቀልቶ ይደርስበታል።"

"ልጅቷ የምታየው የዛሬውን ነው!" አሉ እታለም። "የተጣፈ ሳጥን ሰጡኝ እንድትል ነው?"

"ትበል" አለች መምህርቷ። "የገረጣውን ይስጡኝ።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ለካች፣ ቆረጠች፣ ላገች፤ ሰጋቱራው እያስነጠሳት። ክዳን እንዳይጣመም ከሥሩ አግድም ማጠንከሪያ ይመታለታል። ባሏ የጻፈበትን ያንን ቁራጭ ስትለካው ልክክ አለ።

"ራሱ ያጥራል ብሎ የጣለውን?" አሉ እታለም።

"ለክዳን አለ እንጂ ለማጠንከሪያ መቼ አለ?" አለችና ጽሑፉን ወደ ሳጥኑ ውስጥ አዙራ በብሎን አሰረችው።

ልጅቷ መጣች። ሕፃኗን ለመምህርቷ አስታቅፋ ሳጥኑን ዞረችው። "እማዬ፣ ክዳኑ ገረጣ እኮ!"

"ምን ታውቂያለሽ አንቺ!" እታለም ቀደሙ። "እንጨት ጊዜ ሲሰጡት ይደርሳል። እኔ ነኝ ያስመረጥኩት!"

መምህርቷ ሳቋን ዋጠች። ልጅቷ ክዳኑን ከፈተች፤ ከሥሩ የአባቷን ጽሕፈት አግኝታ በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሕፃኗን ልብሶች አንድ በአንድ ደረደረችበትና በቀስታ ከደነችው።

መምህርቷ ሕፃኗን በአንድ ክንዷ እንደታቀፈች መጋረጃውን እስከ ጥጉ ገለጠችው። ክዳኑ ብርሃን ይፈልጋል።