እሷ የሞላችው ባትሪ

«ማን ነው የነካብኝ?»

አሮጊቷ ይህን ስትጮህ ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብሎ ነበር። የሻይ ብርጭቆው በየአፉ እንደተጠጋ ቀረ። እሷ ከሶፋው ጥግ ተነስታ ቆማለች፤ በግራ እጇ መሰርሰሪያ ይዛ በቀኝ አውራ ጣቷ የባትሪውን ጎን ተጭናለች። የቀረውን ጉልበት ለማሳየት እዚያ ከተደረደሩት አራት ትንንሽ መብራቶች የበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ጠዋት ሦስት ነበሩ። ሦስት! አንዷን ማን ነው ያጠፋብኝ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ብዙ ስትል ሰምተዋታል፤ ይህን ግን የሚፈታላቸው አጡ። በመጨረሻ በሩ ላይ ከቆሙት መሀል ቀለም ቀቢው፣ ከሟች ጋር ዓመታት የሠራው ረጅሙ ሰውዬ፣ እንደ ተማሪ እጁን አነሳ።

«እኔ ነኝ እማማ። ያ አግዳሚ እግሩ ላልቶ ሰው ሊጥል ሆነ። በመሰርሰሪያው አጠበቅኩት።»

«ቢጥልስ? አልቃሽ እንደሆነ እዚሁ ተሰብስቧል!»

አግዳሚው ላይ የነበረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሳይታወቀው ብድግ አለ።

«ቻርጀሩ ላይ ሌላ ሙሉ ባትሪ አለ እኮ እማማ...»

«ሌላውን ማን ጠየቀህ?»

መሰርሰሪያውን በጥቁር ሻርፗ ጠቀለለችና ጉያዋ ከትታ ተቀመጠች። ቀለም ቀቢው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟች ልጇ ኮንትራክተር ነበረች፤ ሠራተኞቿ «አለቂት» ነበር የሚሏት። የሞተች ዕለት ጠዋት እናቷ ጋ መጥታ ነበር። የእናቲቱ ጉልበት ከከዳት ቆይቷል፤ በጓሮ በር ወደ ግቢው የሚያወርዱት ደረጃዎች ጠላቶቿ ሆነዋል። ልጅቷ ማታ ቤቷ የሞላችውን ባትሪ ሰክታ፣ በደረጃው ጎን በቆሙት የእንጨት ምሰሶዎች ላይ መደገፊያ ትገጥም ጀመር። አንድ ብሎን ሲቀራት ስልኳ ጮኸ።

«ሳይት ላይ ፈልገውኛል። ይቺን ስመለስ አስራታለሁ። እስከዚያ እንዳትደገፊው፤ እሺ? እኔ ሳልጨርሰው እንዳትደገፊው!»

«ሂጂ፣ አትጨቅጭቂኝ» አለች እናት።

መሰርሰሪያውን ደረጃው ላይ ትታው ሄደች። ከሳይቱ አጠገብ ሌላ ሰው ያቆመው፣ ሥሩን ውሃ የበላው ግንብ ነበር። ስትለካ ተናደባት። እጇ ላይ የነበረው ሜትር ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልብሷን አጠቡት፤ አልጋዋን አነጠፉት፤ ስልኳም ተዘግቶ ቀረ። ሰው አግዛለሁ እያለ የልጅቱን ነገር ሁሉ በእጁ ደባብሶ ጨረሰው። ሳይነካ የቀረው ባትሪው ውስጥ ያለው ጉልበት ነው። እሱን የሞላችው በገዛ እጇ ነው። አሮጊቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እስከ አራት መቁጠር ግን ማንም አያስተምራትም።

ከሶፋው ጀርባ ሹክሹክታ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ናት፤ ሹክ ስትል እንኳ መንደር የሚሰማት ሴት።

«ታቅፋው ነው አሉ የምትተኛው።»

«ባትሪውን?»

«ባትሪውን! ኧረ እኔ ሳልሰማ አላወራም።»

«ጆሮዬ ገና አልተቀበረም» አለች አሮጊቷ ሳትዞር። «አንቺ ያንን ባልሽን ታቅፈሽ ስትኖሪ ማን አማሽ? እሱስ አንድ ቀን አሙቆሽ ያውቃል?»

አንዷ ሻዩ ትን አላት። ሌላዋ ሳቋን በእጇ ያዘች። አሮጊቷም ከንፈሯ ሊከፈት ሲል ድንገት ደረቀ። ቀድማ ትስቅ የነበረችው ልጇ ናት። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ «እማዬ፣ ምላስሽ ፈቃድ ሊወጣለት ይገባል» ትላት ነበር። ያ ድምፅ ከወዴት ይምጣ? ቤቱ ሙሉ ሰው፣ ቤቱ ባዶ።

ልጅቷን ወደ ባትሪ መሣሪያ የነዳት የአባቷ ሞት ነው። እሱም ግንበኛ ነበር። የተላጠ ማራዘሚያ ገመድ በርጥብ ሲሚንቶ ላይ ጎትቶ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ያዘው፤ አለቀቀውም። ከዚያ ወዲያ «እኔ ባለሁበት ሳይት ገመድ መሬት ለመሬት አይጎተትም» ብላ ማለች። መሐላዋን ልትፈጽም መሣሪያ ስትገዛ እናቷን ይዛ ነበር የሄደችው።

ሻጩ ትልቁን መሰርሰሪያ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከዚህ በላይ ጉልበት የለም። ወንዶቹ ሁሉ የሚወስዱት ይህን ነው።»

«እስቲ ከራስህ በላይ ከፍ አድርገህ ያዘው» አለችው ልጅቷ።

ያዘላት። እሷም ጥያቄዋን ጀመረች። ባትሪው ስንት ሰዓት ይሠራል? መለዋወጫው ይገኛል? ዋስትናውስ? ሰውየው ሲመልስ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግንባሩ በላብ ራሰ።

«ደከመህ እንዴ?»

«ኧረ አልደከመኝም።»

«እኔ ጣሪያ ሥር እንዲህ ይዤው ነው የምውለው። አውርደው ወንድሜ፤ ትንሹን አምጣልኝ።»

ትንሹን ስታገላብጥ፣ በግራ ስትመዝን፣ በቀኝ ስትመዝን የእናት ትዕግሥት አለቀ። «ባልሽን እንዲህ መርምረሽ ብትወስጂ ኖሮ ትቶሽ ባልሄደ ነበር!»

«ባል ዋስትና አለው እንዴ እማዬ?»

ሻጩ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ በኋላ መጋዙንም ግራይንደሩንም ማለስለሻውንም ሥራ ባገኘች ቁጥር አንድ በአንድ ሰበሰበች፤ ሁሉንም ከአንድ ዘር። አንዱ ባትሪ ለሁሉም ይሆናል፤ የባዕድ ባትሪ ግን ሞቶ እንኳ አይገባላቸውም። «እንግዲያ ካንድ ገበታ የሚበላ ቤተሰብ ነው በይኛ» ብላት ነበር እናት። ልጅቷም የሰው እንዳይቀላቀልባት በእያንዳንዱ እጀታ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረገችበት። ራሷ ጥፍሯን ተቀብታ አታውቅም።

አመሻሹ ላይ ወንድ ልጇ መጣ። እሱም በዚያው ሙያ ነው። ግን የአባቱን ባለገመድ መሣሪያ ሳይጥል፣ ገመዱን በፕላስተር እየጠቀለለ የሚሠራ ሰው ነው። እህቱን «አሻንጉሊትሽን ሞላሽ?» እያለ ሲያበሽቃት፣ እሷም «አንተ ደግሞ የአባዬን ገዳይ እየጎተትክ ዙር» ስትለው ኖረዋል። ሁለቱም ያደረጉት ለአባታቸው ብለው ነው፤ መስማማት ግን አልሆነላቸውም። አሁን መሬት መሬት እያየ እናቱ ፊት ቆመ።

«እማዬ፣ የጀመረችው ቤት ጣሪያው ክፍት ነው። ዝናብ ከገባበት ልፋቷ ሁሉ ይበላሻል። መሣሪያዎቿን ልውሰድና ልጨርስላት።»

«ውሰድ። ሁሉንም ውሰድ። ቤተሰቡን እንዳትለያይ ብቻ።»

ሳጥኖቹን ወደ መኪናው አመላለሰ። ሲጨርስ ሻርፑ ውስጥ ያለውን አየ። ስለ ቀኑ ጩኸት ሰምቷል፤ ደግ የሠራ መስሎት ጎንበስ አለና ባትሪውን ከመሰርሰሪያው ላቀቀ። «ስጪኝ፣ ቻርጀሩ ላይ ላድርግልሽ። አራቱም ይበሩልሻል።»

እጁን በጥፊ መታችው።

«አራቱን ምን ላድርጋቸው? ማን ሞላቸው ልበል? አንተ? መብራት ኃይል? ይሄ እኮ የእሷ ነው! እሷ ናት የሞላችው! ከላዩ ብትጨምርበት የቱ የእሷ እንደሆነ በምን ለይቼ አውቃለሁ?»

ልጅየው ተንበርክኮ ቀረ። ቀስ ብሎ ባትሪውን ወደ ቦታው መለሰው፤ ቀጭ አለ። ብዙ ሰው በቀብሩ ላይ ሲያለቅስ አይቶታል፤ አሁን እንዳለቀሰው ግን አላለቀሰም።

«እማዬ» አለ በኋላ፣ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ። «ብትደብቂውም ያልቃል። ሳይሠራም ቀስ እያለ ይፈሳል። ደግሞ መብራቱን በተጫንሽ ቁጥር ትንሽ ይበላል።»

«ስጫነው?»

«አዎ። ስታዪው።»

አሮጊቷ አውራ ጣቷን አየች። ከቀብሩ ወዲህ በየደቂቃው ስትጫን የኖረች ጣት ናት፤ ሰው ሳያያት፣ ሻርፑ ውስጥ፣ ሌላው ሲጸልይ። እንደገና ተጫነች። አንድ በራ። አንድ ብቻ።

«እኔው ነኛ የበላኋት» አለች። ድምፅ አውጥታ አልጮኸችም፤ ያ የባሰ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እንኳ አፏን ያዘች። «ያን ምስኪን ቀለም ቀቢ በሰው ፊት አዋረድኩት፤ ለካ እኔው ነኝ በጣቴ ጠጥቼ የጨረስኳት።»

አሮጊቷ የሶፋውን ክንድ ተደግፋ ተነሳች።

«ጓሮ ውሰደኝ።»

ቀለም ቀቢውም ውጭ ቆሞ ነበር። ሳያናግራት ዘወር አለላት። እሷ ግን እጅጌውን ያዝ አደረገችው። «አንተም ና። የእሷ ሰው ነህ።»

መደገፊያው በታችኛው ምሰሶ በኩል ልቅ ነው። የቀረው ብሎን የገባው ግማሹ ብቻ ነው፤ ጠንካራ እንጨት ነው። ልጇ መደገፊያውን ደግፎ ያዘ። መሰርሰሪያውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። በሁለት እጇ ይዛ፣ ልጇ አስተካክሎላት፣ አፉን ብሎኑ ራስ ላይ አሳረፈችው።

«ገፋ አድርገው እማዬ። ቀስ ብለሽ ተጫኚው።»

ተጫነችው። ጮኸ። ያ ልጅቷ ማለዳ በመጣች ቁጥር የሚቀሰቅሳት፣ «ኧረ አስተኙኝ!» እያለች የምታማርርበት ድምፅ ጓሮውን ሞላው። ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ወደ በሩ ወጣ። ብሎኑ ዞረ፤ እንጨቱ ሲጥ አለ፤ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ድምፁ ወፈረ፣ ዘገየ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው አቃሰተና ቆመ። ብትጫን ብትጫን ዝም።

የብሎኑ ራስ የጥፍር ውፍረት ያህል ወጣ ብሎ ቀርቷል።

«ሌላ ባትሪ መኪናው ውስጥ አለ» አለ ልጇ በለሆሳስ። «አንድ ዙር ነው የቀረው። ላምጣ?»

«ተወው።»

«ልብስሽን ይይዝብሻል።»

«ይያዘኝ። እስከዚህ ድረስ እሷ ናት።»

መሰርሰሪያውን ለቀለም ቀቢው ሰጠችውና መደገፊያውን ያዘች። አልተነቃነቀም። አውራ ጣቷን ወጣ ብሎ በቀረው የብሎን ራስ ላይ አሳረፈች፤ ከመዞሩ የተነሳ ትኩስ ነበር። አቃጠላት። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላነሳችውም።